ገመድ ያለ ሥራ አይታሰርም

አጎቴ ከባሕር ዳር ኦስሎ ድረስ ሊጠይቁን መጥተው በሰነበቱበት የአውሮፓ በጋ፣ አንድ ቅዳሜ ወደ ኮንቲኪ ሙዚየም ይዣቸው ሄድኩ። ሙዚየሙ ቢግዶይ በምትባል፣ ወደ ፊዮርዱ (ወደ ምድር ጠልቆ የገባው የባሕር ክንድ) ውሃ ገባ ባለች ልሳነ ምድር ላይ ይገኛል። ሰው የሚጎርፈው እ.ኤ.አ. በ1947 ከፔሩ ተነሥቶ ፓስፊክን ያቋረጠውን፣ ከባልሳ ግንድ የተሠራውን መንሳፈፊያ ለማየት ነው። እኛ ግን እዚያ ብዙ ሳንቆም ወደ ሌላዋ ጀልባ አለፍን። ራ ሁለት ትባላለች። ርዝመቷ 12 ሜትር ያህል ነው፤ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ደንገል ናት። ደንገሉም የአገራችን ነው።

አጎቴ ጣና ሐይቅ ዳር፣ ዘጌ ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው እንጨት በጫነ የደንገል ታንኳ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ይሻገሩ ነበር። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጀልባዋን ቀስ ብለው ዞሯት። ሌላው ጎብኚ ሸራዋ ላይ በተሣለው ትልቅ ብርቱካንማ ፀሐይ ሲደነቅ፣ እርሳቸው ጎንበስ ብለው የሚመረምሩት እስሩን ነበር፤ ገመዱ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል እንደዞረ፣ የቱ ጋ እንደጠበቀ፣ የቱ ጋ እንደላላ።

በዚህ መካከል አስጎብኚዋ ከእርሷ በፊት የነበረችው የመጀመሪያዋ ራ ለምን መንገድ ላይ እንደቀረች ለአንድ ቡድን ታስረዳ ጀመር። እየሰማሁ ለአጎቴ ተረጎምኩላቸው። በጥንታዊ የግብፅ ሥዕሎች ላይ ከጀልባው ጭራ ጫፍ ወርዶ ወለሉ ላይ የሚታሰር አንድ ገመድ ይታያል፤ ጥቅሙ ስላልታወቀ ጀልባዋ ያለ እርሱ ባሕር ገባች፤ ኋላዋም ውሃ ውስጥ እየዘቀጠ ሄደ።

«ገመድ ያለ ሥራ አይታሰርም» አሉ አጎቴ። ትንሽ ቆይተውም «ታዲያ ለምን አልጠየቁም?» አሉኝ።

«ማንን ይጠይቁ ጋሼ? ያን ጀልባ የሠሩት ሰዎች ከሞቱ እኮ ሺህ ዓመታት አልፈዋል።»

«እነሱማ ሞተዋል» አሉ፣ ዓይናቸውን ከእስሩ ላይ ሳያነሡ። «እኛስ?»

በቦታው የገባኝ «እኛን ለምን አልጠየቁንም» ማለታቸው መስሎኝ ነበር። እርግጥ ያ አለበት። ከዚያ ወዲህ ግን ይህች አጭር ጥያቄ በየጊዜው ሌላ ፊት እያሳየች አልለቀቀችኝም። እኛስ የሚጠይቀን አለ? እኛስ ራሳችንን ጠይቀናል? ለመጠየቅስ የቀረን ጊዜ ምን ያህል ነው?

የጣና ደንገል በአትላንቲክ ላይ

ታሪኩን ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ልናገር። ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌያዊ ተጓዥና ተመራማሪ፣ የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ማቋረጥ ይችሉ ነበር ብሎ ያምን ነበር። ብዙዎች ደንገል በባሕር ውሃ ውስጥ ከጥቂት ሳምንት በላይ አይቆይም እያሉ ተከራከሩት። እርሱም ክርክሩን ትቶ ጀልባ አሠራ። በግብፅ ግን የዱር ደንገል ከጠፋ ረጅም ዘመን ሆኖታል። ስለዚህ ደንገሉ ከጣና ሐይቅ ታጭዶ ሄደ። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ጨው በማያውቅ ውሃ ዳር የበቀለ ተክል የጊዛ ፒራሚዶች ሥር ወርዶ ጀልባ ሆነ። የሠሩት ባለሙያዎች ከቻድ ሐይቅ የመጡ ነበሩ።

ራ በግንቦት 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮው የሳፊ ወደብ ተነሣች። የተባበሩት መንግሥታትን ሰንደቅ ዓላማ ሰቅላ፣ ከሰባት አገር የተውጣጡ ሰባት ሰዎችን ይዛ ነበር፦ ከኖርዌይ፣ ከአሜሪካ፣ ከሶቪየት ኅብረት፣ ከጣሊያን፣ ከሜክሲኮ፣ ከግብፅና ከቻድ። አብዛኛውን የአትላንቲክ ክፍል አቋረጠች። የኋላ ወለሏ ግን ቀን በቀን እየዘቀጠ ሄዶ፣ የካሪቢያን ደሴቶች ሊታዩ ጥቂት ሲቀራቸው ሰዎቿ ትተዋት በሌላ ጀልባ ተረፉ።

በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛዋ ተሠራች። ደንገሉ አሁንም ከኢትዮጵያ ሄደ፤ ሠሪዎቹ ግን በዚህ ጊዜ ከቦሊቪያ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች ናቸው። ራ ሁለት በ57 ቀን ውስጥ 6,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ ሐምሌ 5 ቀን 1962 ዓ.ም. ባርቤዶስ ገባች። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት ሆኖ አገኘሁት፤ የሐዋርያት ጾም የሚፈታበት፣ የጀልባና የመረብ ሰው የነበረው የጴጥሮስ በዓል። ለአጎቴ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። የጉዞው ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር ማለቴ አይደለም። ዕለቱ ግን ለእኛ ምን እንደሆነ የምናውቀው እኛ ነንና መናገሩም የእኛ ፋንታ ነው።

በሁለተኛው ጉዞ ጃፓናዊና ሞሮኮአዊ ተጨምረዋል። ከኢትዮጵያ ግን በመጀመሪያውም በሁለተኛውም ጉዞ ሰው አልተሳፈረም። የጀልባዋ ሥጋ ሁለት ጊዜ ከእኛ ሄዷል፤ እጁና ዓይኑ ግን ከሌላ ሐይቅ መጣ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ሲሆን ይመስለኛል። ቲቲካካዎች በሥራቸው የታወቁ ናቸው፣ ጀልባዋንም ባርቤዶስ አድርሰዋታል፤ ሊመሰገኑ ይገባል። የሚቆረቁረኝ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ አለመኖሩ ብቻ አይደለም። ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበኝ ያ ገመድ ነው።

«ያ ገመድ» የሚባል ነገር

ኖርዌይ ውስጥ የሸራ ጀልባ ያለው ሰው ማግኘት ከባድ አይደለም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ኦስሎ ፊዮርድ ላይ ይዞኝ ሲወጣ የመጀመሪያው ትምህርቱ ስለ ነፋስም ስለ ማዕበልም አልነበረም። «ጀልባ ላይ ገመድ የሚባል ነገር የለም» አለኝ። ሁሉም የየራሱ ስም አለው። ሸራውን ወደ ምሰሶው የሚሰቅለው ፋል ይባላል። የሸራውን ጥግ ይዞ ከነፋሱ ጋር የሚያጠብቀውና የሚያላላው ሾተ ነው። ምሰሶውን ከፊትና ከኋላ የሚወጥረው ስታግ፣ ከግራና ከቀኝ የሚይዘው ደግሞ ቫንት ይባላል። እኔ በአማርኛ ሳስባቸው አራቱም ገመድ ነበሩ።

ይህን ሁሉ ስም ማስታወስ ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ ነፋስ ሲነሣ ነው። ሸራው እየጮኸ፣ ጀልባው በአንድ ጎኑ ተኝቶ፣ ማንም ማንንም በወጉ በማይሰማበት ሰዓት «ያን ገመድ ልቀቂው» ቢባል የትኛውን ልለቅ ነው? ሾተውን ብለቅ ሸራው ነፋሱን ያፈሳል፣ ጀልባውም ቀና ይላል። ፋሉን ብለቅ ሸራው በሙሉ ሰው ራስ ላይ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ስም የሚያስፈልገው አንድ እጅ አንድ ገመድ ብቻ እንዲይዝ ነው።

ባሕረኞች ለዚህ ምን ያህል እንደሚጠነቀቁ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። እንግሊዞች የመርከብን ቀኝ ጎን ስታርቦርድ፣ ግራውን ላርቦርድ ይሉ ነበር። ሁለቱ ቃላት በማዕበል ውስጥ ሲጮኹ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1844 ላርቦርድን አስወግዶ በምትኩ ፖርት እንዲባል አዘዘ። ዘመናት ያስቆጠረ ቃል የተሻረው ለጆሮ አደገኛ ሆኖ በመገኘቱ ነው። ለጀልባና ለመርከብ ቃል ያን ያህል ከባድ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ግብፁ ገመድ ልመለስ። በደንገል ጀልባ ላይ ወደ ላይ የተቀለበሰው ጭራ ጌጥ ይመስላል፤ ዓባይ ላይ ለሚሄድ የንጉሥ ጀልባ ውበት የተጨመረለት። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ገመዱ የጭራውን ጫፍ ወደ ወለሉ ይወጥረዋል፤ ጭራው ደግሞ ተመልሶ ሊቃና እየታገለ የኋላውን ወለል ወደ ላይ ይስባል። ማዕበል ከሥር ሲያነሣው ይለጠጣል፣ ማዕበሉ ሲያልፍ ይመለሳል። ጀልባዋ ሳትሰበር እንድትተጣጠፍ የሚያደርጋት ይህ ትግል ነው። ገመዱ ከሌለ ጭራው ክብደት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የዚያ ዘመን ሰዎች በገመድ ምን ይሠሩ እንደነበር ሌላም ምስክር አለ። በዴር ኤል ባሕሪ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የግብፅ ንግሥት ሃትሼፕሱት ፑንት ወደሚባለው የጥንት አገር የላከቻቸው መርከቦች ተቀርጸዋል። ከአፍንጫ እስከ ጭራ ከወለሉ በላይ የተወጠረ ወፍራም ገመድ ይታይባቸዋል። ሥራው የመርከቡ ሁለት ጫፎች እንዳይዘቀዝቁና ወገቡ እንዳይሰበር መያዝ ነው። ያን ገመድ ሲያጠብቁ የኖሩ ሰዎች ስም አውጥተውለት እንደነበር አልጠራጠርም። ሰዎቹ አለፉ፣ ስሙም ከአፍ ጠፋ፣ ሥዕሉ ላይ የቀረው አንድ ሰያፍ መስመር ነው። ስምና ሥራ የሌለውን መስመር ሰው ጌጥ ነው ብሎ ቢያልፈው አልፈርድበትም።

ውሃ የማይፈራ ጀልባ

አጎቴ ስለ ታንኳ ሲያወሩ በመርከብ ቋንቋ ማሰብ የለመደ ሰው ግራ ይጋባል። ከእንጨትም ይሁን ከብረት የተሠራ ጀልባ የሚንሳፈፈው ውሃውን ከውጭ በማስቀረት ነው። ስለዚህ የመርከብ ሰው ቋንቋ ግማሹ የስጋት ቋንቋ ነው፤ ቀዳዳ፣ ፍሳሽ፣ መድፈኛ፣ ፓምፕ። ታንኳ ይህን ሁሉ አያውቅም። ውሃው እንደ ወንፊት በመካከሉ ይገባል፣ በመካከሉ ይወጣል። የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ በውስጡ አየር ስለያዘ ነው። የሚቀዳ ውሃ የለውም፣ ሞልቶም አይሰጥምም። ጠላቱ ሌላ ነው፤ ቀስ እያለ መጠጣት።

የሠሪው ጥበብ በሙሉ ያረፈው እዚህ ላይ ነው። አንድ የደንገል ዘንግ ሕፃን ልጅ ይሰብረዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ብዙው ተነባብሮ ሲታሰር ግን ሰውና ጭነት ይሸከማል። እስሩ የላላ ከሆነ ውሃ በዘንጎቹ መካከል እንደልቡ ይሄዳል፤ ጠንካራ ከሆነ ደንገሉ ረጥቦ ሲያብጥ ገመዱን ይበልጥ ይወጥረዋል፣ ውሃውም መግቢያ ያጣል። ውሃ ቶሎ የሚገባው በተቆረጠው ጫፍ ስለሆነ ጫፎቹ የት እንደሚውሉም ሌላ ጉዳይ ነው። የራ መርከበኞች አትላንቲክ ላይ የተማሩት ይህን ነበር፤ ደንገል በጨው ውሃ ውስጥ እንደተፈራው ፈጥኖ አልበሰበሰም፣ ሲረጥብም ጠነከረ። የጣና ሰው ይህን ለማወቅ ውቅያኖስ መሻገር አላስፈለገውም።

አጎቴ ሠሪ አይደሉም። መንገደኛ ነበሩ። መንገደኛም ሆነው የሚያውቁትን ስሰማ እገረማለሁ። ታንኳው ስንት ጊዜ ውሃ ውስጥ እንደቆየ የሚያውቁት መቀመጫው ከውሃው ምን ያህል ከፍ እንዳለ በማየት ነበር። ከፍታው ሲቀንስ ታንኳው ወደ ዳር ወጥቶ፣ በአፍንጫው ወይም በጭራው ቆሞ ፀሐይ ይሞቃል። ባሕር ዳርን የጎበኘ ሁሉ ዳር ዳሩን ቆመው የተደረደሩ ታንኳዎች አይቶ ይሆናል። ለፎቶግራፍ ያምራሉ። እነርሱ ግን የቆሙት የጠጡትን ውሃ ሊመልሱ ነው።

ትልልቅ የጭነት መርከቦች ጎናቸው ላይ የጭነት ወሰን መስመር አላቸው። እንግሊዝ ከብዙ ክርክር በኋላ እ.ኤ.አ. በ1876 ሕግ ያደረገችው፣ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት መስመር ነው። ከአጠገቡ ያሉት ፊደላት ለጣፋጭ (ጨው ለሌለበት) ውሃ፣ ለሞቃት ባሕር፣ ለክረምት እያሉ ወሰኑን ይለያያሉ፤ በጣፋጭ ውሃ ላይ መርከብ ይበልጥ ጠለቅ ስለሚል። ታንኳ የተቀባ መስመር የለውም። ወሰኑም በየቀኑ ይለወጣል፤ ትናንት የተሸከመውን ነገ አይሸከምም። አጎቴ በልጅነታቸው ያነብቡት የነበረው ያን ያልተጻፈ መስመር ነው። ይህን ዕውቀት «ባህላዊ» ብሎ ማለፍ ልቤን ያሳምመዋል። የመርከብ መሐንዲስ ይህንኑ ነገር በሒሳብ ሲያሰላው ሳይንስ እንለዋለን።

ሥዕል ያላቸውና ሰው ያለን

«እኛስ?» የሚለው ጥያቄ በመጨረሻ ያደረሰኝ እዚህ ነው። ግብፆች ሥዕሉን ትተው አልፈዋል፣ የሚጠየቅ ሰው ግን የለም። እኛ የሚጠየቅ ሰው አለን፣ ሥዕሉን ግን አልሠራንም።

ሥዕልና ዕቃ ብቻ በቀረበት አገር ሥራው ምን ያህል እንደሚከብድ የጥንቱ ፈርዖን የኩፉ ጀልባ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1954 ከታላቁ ፒራሚድ አጠገብ፣ ከመሬት በታች ተፈትቶ የተቀመጠ ጀልባ ተገኘ። 1,224 ቁራጭ ነበር። ሚስማር የለውም፤ ሳንቃዎቹ እርስ በርሳቸው የተሰፉት በገመድ ነው። ገጥሞ የማቆሙ ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ ወሰደ። ሥራውን የመራው ግብፃዊው አህመድ ዩሱፍ ሙስጠፋ ጀልባ ሠርቶ አያውቅም ነበር። የጥንት ሥዕሎችን አጠና፤ በዚያ ብቻ ግን አላበቃም። ዓባይ ዳር ወደሚሠሩ የእንጨት ጀልባ ሠሪዎች ሄዶ ሥራቸውን ተማረ። አራት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ያህል የሚለያያቸውን ሰዎች አገናኝቶ ጀልባውን አቆመው። አጎቴ «ለምን አልጠየቁም?» ሲሉ በልቤ የመጣው ይህ ሰው ነው። እርሱ ጠይቋል።

የጣና ታንኳ ሠሪዎች በዋናነት ነገደ ወይጦ ናቸው። በሐይቁ ዳር ከማንም በፊት የኖሩ እንደሆኑ ይነገርላቸዋል፤ ጉማሬ ያድኑና ይበሉ ስለነበር ግን ለረጅም ዘመን ሲገለሉ ኖረዋል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጣና ሲደርስ የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው ጽፏል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቋንቋውን የፈለጉ ምሁራን ያገኟቸው ግን አማርኛ ሲናገሩ ነው። አንድ ቋንቋ በሙሉ፣ ውሃና ደንገል የሚያውቅ ቋንቋ፣ ማንም በወጉ ሳይመዘግበው ከሐይቁ ዳር ጠፍቷል። እዚያ ውስጥ ለገመድ ስንት ስም ነበረ? ይህን ሳስብ የሚሰማኝ ቁጭት ብቻ አይደለም፤ ፍርሃትም ነው። አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ሁለተኛ ይሆናልና።

እዚያው ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ደግሞ በዩኒቨርሲቲው ሥር የማሪታይም አካዳሚ አለ። ወጣቶች የመርከብ መሐንዲስና የኤሌክትሮ ቴክኒክ መኮንን ሆነው ይመረቁና ስሙን እንኳ በማናውቀው ወደብ ሁሉ ይሠራሉ። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የራሷ የንግድ መርከብ ድርጅት ላላት፣ ዛሬ ግን ባሕር በር ለሌላት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እኮራበታለሁ። ሥልጠናው እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውን ዓለም አቀፍ የባሕረኞች ሥልጠና ስምምነት ይከተላል። እያንዳንዱ ቃል በፈተና ይጠየቃል። ሠልጣኙ ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ ሐይቁ ዳር ሲደርስ ደግሞ ሌላ የባሕር ሥራ ቋንቋ ይጠብቀዋል፤ ፈተና የሌለው፣ ምስክር ወረቀት የማይሰጥበት። ሁለቱ በአንድ ከተማ እየኖሩ ሲነጋገሩ አልሰማሁም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

ጊዜው ሰፊ አይደለም። ደንገሉ ከብዙ የሐይቁ ዳርቻ እየተመነጠረ ለእርሻ ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ ሐይቁን ወርሮታል። ሞተር ጀልባ በዝቷል። ሞተር ጀልባ ፈጣን ነውና መንገደኛ ቢመርጠው ልክ ነው። የታንኳ ሠሪ ልጅም ታንኳ ሠሪ ሆኖ ይቅር የሚል ሐሳብ የለኝም። ሐኪም ይሁን፣ መሐንዲስ ይሁን፣ ከፈለገም ያ አካዳሚ ገብቶ መርከብ ላይ ይውጣ። ሰውን በድህነቱ ውስጥ አስሮ «ባህል ጠበቅሁ» ማለት ግፍ ነው። ልጁ በሌላ ሙያ ሲሄድ ግን የአባቱ ዕውቀት አብሮ መቀበር የለበትም።

ምን እንጠይቅ?

ብዙ ጊዜ ታንኳ ሲመዘገብ ያየሁት በፎቶግራፍ ነው። ጀምበር ስትጠልቅ፣ አንድ ሰው ቀርከሃውን ግራና ቀኝ እያጠለቀ ሲቀዝፍ። ያማረ ነው፤ ግን የግብፁን ሥዕል ደግመን እየሠራን ነው። ነገ ያን ፎቶግራፍ ይዞ ታንኳ ሊሠራ የተነሣ ሰው ጌጡንና ሥራውን መለየት አይችልም።

ስለዚህ መቅረጽ ያለብን ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነው። ደንገሉ በየትኛው ወር ይታጨዳል፣ ምን ያህል ይደርቃል፣ ደርቆ ካለፈበትስ ምን ይሆናል? የትኛው እስር ይቀድማል? ገመዱ ከምን ይፈተላል፣ ውሃ ውስጥስ ከደንገሉ ቀድሞ ይበሰብሳል ወይስ በኋላ? አፍንጫው ወደ ላይ ሲታጠፍ ስንት ሰው ይዞት ይቆማል? ቃሉም ከእጁ ጋር አብሮ መቀረጽ አለበት፤ ሠሪው ቋጠሮውን እያጠበቀ በዚያው ቅጽበት ምን እንደሚለው። ቃልን ለብቻው በዝርዝር የሚጽፍ መዝገበ ቃላት ቢኖረን ደስ ይለኛል፤ ቃሉ ብቻውን ግን ገመዱን አያስርልንም።

ከሁሉ በላይ ለእያንዳንዱ እስር መቅረብ ያለበት ጥያቄ «ይህ ባይኖር ምን ይሆናል?» የሚለው ነው። የራን ጭራ ሊያድን ይችል የነበረው ይህ ጥያቄ ነበር። ሠሪው መልሱን በቃል ላይናገረው ይችላል፤ እጁ የሚያውቀው ላይ አፉ ላይደርስ ይችላል። እንዲያ ከሆነ አንድ ታንኳ ሆን ተብሎ አንዱ እስር ጎድሎበት ይሠራና ውሃ ላይ ይታይ። የአካዳሚው ሠልጣኞች ይለኩት፤ በየቀኑ ምን ያህል እንደጠለቀ፣ በየትኛው ጎን እንዳዘመመ ይመዝግቡ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ ርዕስ አይታየኝም።

ይህን ለአንድ እዚያ ለሚማር ዘመዴ በስልክ ሳጫውተው ተደሰተ። «ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ፣ ደግ ሰዎች ናቸው፣ ይነግሩኛል» አለኝ። ደግነታቸውን አልጠራጠርም። አጎቴ ከአጠገቤ ሆነው ሲሰሙ ስልኩን ተቀበሉኝና «ክፍያውን አስቀድመህ ተነጋገር» አሉት። ሠሪው ሲያስተምር የሚውልበት ቀን ታንኳ የማይሸጥበት ቀን ነው። ከውጭ ለሚመጣ አማካሪ በቀን የሚከፈለውን እናውቃለን። ታንኳ ሠሪው ስሙ በሥራው ላይ ተጽፎ፣ ድርሻው በውል ታውቆ፣ አስተማሪ ተብሎ ይከፈለው። ዘመዴ ለመምህሩ የሚያቀርበውን ሐሳብ እየጻፈ ነው፤ የበጀቱ የመጀመሪያ መስመር ይህ እንዲሆን ተስማምተናል።